በባጃጅ መስታወት ላይ የሚነበብ ምርጫ

ጎንደር ውስጥ ሰውን «ማንን መረጥክ?» ብሎ መጠየቅ እንደ ነውር ነው። ደመወዝ ይጠየቃል፣ የቤት ኪራይ ይጠየቃል፣ «አታገባም እንዴ፣ ምን ትጠብቃለህ?» የሚለው ለቅሶ ቤት ውስጥ ሳይቀር ይጠየቃል። የምርጫ ነገር ግን አይነሳም። ስለዚህ የከተማውን ልብ ማወቅ የፈለገ ሰው ሌላ ሌላውን ያያል። እኔ የማየው የባጃጅ መስታወት ነው።

ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ጎንደር መጥተው ከሄዱ በኋላ በነበሩት ወራት፣ ከፒያሳ ማራኪ፣ ከማራኪ አዘዞ የሚመላለሰው ባጃጅ ሁሉ የእሳቸውን ፎቶ ለጥፎ ነበር። «ሁሉ» ስል ትንሽ አጋንኛለሁ፤ ያልለጠፈው ግን ይቆጠር ነበር። ያስገደደ የለም። ልጆቹ ስቲከሩን ከኪሳቸው አውጥተው ነው የገዙት። ከቅዱስ ገብርኤል ሥዕል አጠገብ ይለጥፉታል፤ አንዳንዱማ ከሥዕሉም በላይ። ዛሬ የለም። «ከዛሬ ጀምሮ ይነሳ» ያለም የለም። አንዱ ባጃጅ ላይ ፎቶው በጥፍር ተፍቆ፣ ሙጫው ብቻ አራት ማዕዘን ሠርቶ ቀርቶ አየሁና ሾፌሩን «ይኸ ምን ሆነ?» አልኩት። «ፀሐይ በላው» አለኝና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሒሳቤን ከፍዬ ወረድኩ።

ከዚያ ወዲህ የሚያብሰለስለኝ ነገር አለ። እዚህ አገር የሕዝብ ድጋፍ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሲመጣ በገፍ ነው፣ ሲሄድም በገፍ። ግን ሲመጣም ሲሄድም በምርጫ ሳጥን በኩል ሲያልፍ አይታይም። ሕዝቡ ልቡን ይቀይራል፣ ፓርቲው ስሙን ይቀይራል፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ቀን የለም።

የስሙን ነገር እንጀምር። በ1973 ኢሕዴን ተብሎ በትጥቅ ትግል የተነሳው ድርጅት በ1986 ብአዴን ሆነ። መስከረም 2011 ላይ ባሕር ዳር በተደረገው ጉባኤ አዴፓ ተባለ። ዓመት ከጥቂት ወር እንኳ በቅጡ ሳይኖርበት ኅዳር 2012 ላይ ብልጽግና ውስጥ ገባ። በእኔ ዕድሜ ያለ የጎንደር ሰው እነዚህን ሰሌዳዎች አንዱን ከአንዱ በኋላ ሲሰቀሉ አይቷል። ሰሌዳ ጸሐፊዎች በዚያ ዘመን ሥራ አልጠፋባቸውም። በሰሌዳው ሥር የሚገቡና የሚወጡት ሰዎች ግን አብዛኞቹ የምናውቃቸው ነበሩ። የምርጫ ምልክቱም ተቀየረ፤ ድርጅቱ የታቀፈበት ግንባር ኢሕአዴግ ንብ ነበረ፣ ብልጽግና አምፖል ሆነ። መብራት እንደ እኛ ሰፈር በሚጠፋበት ቦታ አምፖልን ምልክት አድርጎ መምጣት ድፍረት ይጠይቃል። ይህን ለጎረቤቴ ብነግረው «የሚበራውን አላሉም እኮ» አለኝ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የተደረገውን ምርጫ ያስታወሰ ሰው፣ ድምፅ የሚባለው ነገር አንድ ጊዜ በእውነት ተንቀሳቅሶ እንደነበር ያውቃል። ተቃዋሚው ቅንጅት አዲስ አበባ ላይ ሃያ ሦስቱንም የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ወሰደ፤ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫ አንዱ ብቻ ነው ያመለጠው። በአገር ደረጃ ምርጫ ቦርድ በመጨረሻ ያወጀው ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 የሚል ነበር። ተቃዋሚዎቹ ቁጥሩን አልተቀበሉም። ከዚያ በኋላ በተነሳው ግርግር፣ አጣሪ ኮሚሽኑ እንደቆጠረው 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች ሞቱ። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ።

አምስት ዓመት ቆይቶ፣ ግንቦት 2002 ላይ፣ ከ547 መቀመጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545ቱን ያዙ። መድረክ ለሚባለው የተቃዋሚ ስብስብ አንድ፣ ለግል ተወዳዳሪ አንድ ቀረ። ግንቦት 2007 ላይ ደግሞ ሁለቱም ጠፉና 547ቱም ሆነ። ሙሉ! እኔ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪ ከመቶ መቶ ሲያመጣ መጀመሪያ የማየው ወረቀቱን ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ ነው።

እስቲ ይህን ልብ በሉልኝ፤ ያ ሙሉው ምክር ቤት ሥራ ከጀመረ ዓመት ሳይሞላው፣ ሐምሌ 24 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ጎንደር ወጣች። ከዚያ በፊት ሐምሌ 5 ቀን የወልቃይት የማንነት ጥያቄ ኮሚቴ አባል የነበሩትን ኮሎኔል ደመቀ ዘውዱን ለመያዝ በተሞከረበት ሌሊት ተኩስ ተከፍቶ ሰው ሞቶ ነበር። ሰልፉ ፈቃድ አልነበረውም፤ ቢሆንም መስቀል አደባባይ ሰው ከሰው የሚተላለፍበት ጠፋ። በዓመት ከሁለት ወር በፊት «መቶ በመቶ» የመረጠ ተብሎ የተጻፈለት ሕዝብ ነው ይኸ። ያን ቀን እዚያ የቆመ የምክር ቤት አባል፣ «እኔ የእነዚህ ሰዎች ወኪል ነኝ» ብሎ ማንን ያሳምናል? ራሱንስ?

ግን ምክር ቤቱ አልፈረሰም። መስከረም 2009 መጨረሻ ላይ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ ያው ምክር ቤት አጸደቀው። የካቲት 8 ቀን 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ መልቀቂያ አስገቡ። ቀጣዩን የመረጠው የኢሕአዴግ ምክር ቤት ነው፤ አራት ድርጅት፣ ከእያንዳንዱ 45 ሰው፣ በድምሩ 180። መቶ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ባለበት አገር 180 ሰው በር ዘግቶ ተቀመጠ፤ ዶክተር ዐቢይ 108 ድምፅ አገኙ። ከዚያ መጋቢት 24 ቀን 2010 በተወካዮች ምክር ቤት ፊት ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ኃይለማርያምን በ2008 መስከረም የሾመው ምክር ቤት ማለት ነው፤ ሰዎቹ እነዚያው፣ ጭብጨባውም ያው።

ስለዚያ ጊዜ ሳስብ ደስታዬን አልክድም። የሚገርመኝ ግን መንገዱ ነው። ለውጡን ያመጣው ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ አምቦና ነቀምቴ አደባባይ ላይ የወጣው ሰው ነው፤ የተቆጠረው ድምፅ ግን የ180ዎቹ ነው። ያኔ «ዋናው ውጤቱ ነው» አልን። ውጤቱ በወደድነው ጊዜ ያላነሳነው ጥያቄ፣ ውጤቱን በጠላነው ጊዜ ማን ሊሰማን ይነሳል?

አዲስ አበባ ሩቅ ነው ካላችሁ ባሕር ዳር እንምጣ። ርዕሰ መስተዳድር የሚባለው ለእኛ ቅርቡ ሥልጣን ነው። ገዱ አንዳርጋቸው በየካቲት 2011 ወርደው ዶክተር አምባቸው መኮንን መጡ። ሰኔ 15 ቀን 2011 ተገደሉ፤ ያ ቀን ለብቻው የሚጻፍ ነው። ሐምሌ 2011 ተመስገን ጥሩነህ ተሾሙ። ጥቅምት 2013 መጨረሻ ላይ እሳቸው ወደ ፌዴራል ተወሰዱና አገኘሁ ተሻገር መጡ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ምርጫ ተደረገ። በምርጫው ጊዜ ክልሉን የሚመሩት አቶ አገኘሁ ነበሩ፤ መስከረም 2014 ላይ ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሊሆኑ ሄዱና ዶክተር ይልቃል ከፋለ ተሾሙ። ነሐሴ 2015 ላይ ደግሞ አረጋ ከበደ። አራት ዓመት ተኩል ውስጥ አምስት ርዕሰ መስተዳድር! በመሐሉ የነበረው ምርጫ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ማንንም አላወረደም።

አበው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ያሉት የተሻረ ሰው በጎጆው በሚቀመጥበት ዘመን ነው። የዛሬው ሹም ሲሻር ወደ ላይ ነው የሚሻረው፤ ከክልል ወደ ሚኒስትርነት፣ ከሚኒስትርነት ወደ አማካሪነት፣ ወይም አምባሳደርነት። ሰዎቹን ለማሳነስ አይደለም፤ አንዳንዶቹ ደክመው የሠሩ ናቸው። ግን እኛ የጎንደር ሰዎች አንድን ርዕሰ መስተዳድር «አልሠራህም፣ ውረድ» ወይም «ደህና ሠርተሃል፣ ድገመው» ለማለት ዕድሉን አግኝተን አናውቅም። ሕጉ ላይ የሚመርጠው የክልሉ ምክር ቤት ነው። በተግባር ፓርቲው ይወስናል፣ ምክር ቤቱ እጅ ያወጣል፣ እኛ በዜና እንሰማለን።

በቃ ጠያቂ የለም ማለቴ አይደለም። ጠያቂማ አለ፤ ያውም የሚያስፈራ። ግምገማ ተቀምጦ የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ ካለ ይንገረኝ። በ2009 መጀመሪያ፣ «ጥልቅ ተሐድሶ» በሚባልበት ሰሞን፣ መምህራን ለቀናት አዳራሽ ገብተን ነበር። መድረክ ላይ ሁለት አወያይ፣ ፊታቸው የታሸገ ውኃ፣ እኛ ደግሞ ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ። ቃላቱ ይመጣሉ፤ ኪራይ ሰብሳቢነት፣ ጠባብነት፣ ትምክህት። ከዚያ «ራሳችሁን በእነዚህ መነጽር እዩ» ይባላል። አንዱ ባልደረባችን ተነስቶ ዘግይቶ ክፍል እንደሚገባ በግለ ሒስ ተናዘዘ። ሌላው የትምህርት ዕቅድ ሳያዘጋጅ እንደሚያስተምር ተናገረ። ከተማው በሐምሌ ሰው ቀብሯል፤ እኛ የተቀመጥነው የትምህርት ዕቅድ ልንገመግም።

ከኋላ ወንበር አንዲት የባዮሎጂ መምህርት እጇን አወጣች። ዝምተኛ ናት፤ በስብሰባ ተናግራ አታውቅም። «ይቅርታ፣ እኛ እናንተን የምንገመግመው መቼ ነው?» አለች። አዳራሹ ውስጥ የወንበር ድምፅ እንኳ ጠፋ። አወያዩ ማስታወሻው ላይ ጻፈና «ጥያቄሽ ጥሩ ነው፤ በሂደት ይመለሳል» አላት። ሻይ እረፍት ወጣን። እስከ መጨረሻው ቀን ግን ጥያቄዋን ያነሳው የለም፤ ከእኛም ጭምር።

የዚህ ሥርዓት አሠራር ለእኔ እዚያች ጥያቄ ውስጥ አለ። ቀበሌው ለክፍለ ከተማው፣ ክፍለ ከተማው ለከንቲባው፣ ከንቲባው ለክልሉ፣ ክልሉ ለማዕከሉ ይጠየቃል። ሪፖርት ይጽፋል፣ ይገመገማል፣ ይባረራል። ሹሞቻችን ሲቀልዱ እንኳ «የበላይ አካል» ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። የሚፈሩት ያሾማቸውን ነው፤ ሰው ደግሞ የሚያገለግለው የሚፈራውን ነው። ስለዚህ አንድ ሹም ውኃ ባለማምጣቱ አይወርድም፤ መስመር በመሳቱ ይወርዳል። ውኃ ባለመምጣቱ የሚቆጣው ከታች ነው፤ የሚያወርደው ከላይ።

ቀበሌን ካነሳሁ አይቀር፣ ብዙ ሰው የረሳውን ልንገራችሁ። የቀበሌና የወረዳ፣ እንደ ጎንደር ባሉ ከተሞችም የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በሚያዝያ 2005 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው በ2000። በ2000 ጊዜማ የቀበሌ ምክር ቤት መቀመጫ እስከ 300 ከፍ ተደርጎ፣ በአገሪቱ 3.6 ሚሊዮን ገደማ መቀመጫ ለውድድር ቀርቦ ነበር፤ ገዥው ፓርቲ ካልሆነ በስተቀር ይህን ያህል ዕጩ የሚያቀርብ ከየት ይመጣል? ቀጣዩ በ2010 መደረግ ነበረበት፤ ተራዘመ። እንደተራዘመ ቀረ። የዘንድሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ2005 ገና ሕፃን ነበር።

ባለፈው መታወቂያ ለማሳደስ ቀበሌ ሄጄ ሰልፍ ላይ ቆምኩ። ከፊቴ የነበሩት እናት ለልጃቸው ያላገባ ማስረጃ ሊያወጡ የመጡ ናቸው። «የድሮው ሰውዬ የት ሄደ?» አሉኝ። «ተቀይሯል መሰለኝ፣ እማማ።» «አዬ! አሁን ገና ለምዶን ነበር እኮ» አሉ፤ አዘኑለት። ማን እንደቀየረው ግን አልጠየቁም። እኔም አላውቀውም። የእኛን ስም፣ የቤት ቁጥራችንን፣ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር በመዝገብ ይዞ የተቀመጠው ሰው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ በዚያ ሰልፍ ውስጥ አንድም አልነበረም።

ስለ ፌዴራሊዝም ብዙ ይባላል፤ አብዛኛው ስለ ድንበርና ስለ ማንነት ነው። እኔን የሚያስቀናኝ ሌላው ፊቱ ነው። ሕንድን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2014 የፌዴራል ምርጫ የዴልሂ ሰው ሰባቱንም መቀመጫ ለናሬንድራ ሞዲ ፓርቲ ሰጠ። ዓመት ሳይሞላው፣ በየካቲት 2015፣ ያው መራጭ በግዛቱ ምርጫ ከ70 መቀመጫ 67ቱን ለሌላ ፓርቲ ሰጠና የሞዲን ፓርቲ በሦስት አስቀረው። በ2019 ሰባቱም ለሞዲ፣ በ2020 ደግሞ 62 ለተቀናቃኙ። በ2025 ይህኛውንም ሰለቹት መሰለኝ፤ 48ቱን ለሞዲ ፓርቲ መለሱለት፣ የተቀናቃኙ ፓርቲ መሪና የግዛቱ የቀድሞ ዋና ሚኒስትር አርቪንድ ኬጅሪዋል ራሳቸው መቀመጫቸውን አጡ። ያ ሕዝብ ግራ የተጋባ አይደለም። ለአገሩ አንድ ሰው፣ ለቧንቧውና ለትምህርት ቤቱ ሌላ ሰው መርጦ ሁለቱንም እያፈራረቀ ይቀጣል። የሕንድ ዴሞክራሲ የራሱ ጣጣ ሞልቶታል፤ ያን አውቃለሁ። ግን መራጩ አለንጋውን በእጁ ይዟል።

እኛ ጋ ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤት የሚሰጠው ድምፅ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጣቢያ ነው። በ2013 ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ተሰልፈን ሁለት ወረቀት ተሰጠን፤ አንዱ ለፌዴራል፣ አንዱ ለክልል። ሰልፉ ላይ በነበሩ ሰዎች ወሬ ሁለቱን ለያይቶ ያሰበ አልሰማሁም። በዚያ ላይ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 61 አባላቱን የክልል ምክር ቤቶች ራሳቸው እንዲመርጡ ወይም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ያስችላል፤ ሁልጊዜ የተመረጠው የመጀመሪያው ነው። ለክልሎች የሚከፋፈለውን የድጎማ በጀት ቀመር የሚወስን ቤት ነው እኮ ይኸ! ከጎንደር ነዋሪ ስንቱ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ወኪሉን ስም ያውቃል? እኔ አላውቅም።

አንድ ጊዜ፣ ምክር ቤት በእረፍት ላይ ሳለ፣ ተወካዮች ከመራጭ ሕዝብ ጋር ይወያያሉ ተብሎ አዳራሽ ተጠራን። ጎንደርን የሚያውቅ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ ምን እንደነበር አይጠይቀኝም። ውኃ። አንገረብ ግድብ በደለል ከተሞላ ቆይቷል፤ ከተማው አድጎ ወደ አዘዞና ወደ ማራኪ ተዘርግቷል፤ ለመስኖም ለከተማው መጠጥም ታስቦ የተጀመረው የመገጭ ግድብ ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ ተጓቷል። አንድ ጋሼ ቢጫ ጀሪካናቸውን ይዘው ገብተዋል፤ ከስብሰባው ቀጥታ ወደ ወረፋ ሊሄዱ ነው። ተነስተው «ልጆቼ፣ ይኸ ግድብ የማን ነው? የምጠይቀውን ሰው ልወቀው ብዬ ነው» አሉ።

የፌዴራሉ ተወካይ ግድቡ የፌዴራል ፕሮጀክት እንደሆነ፣ የከተማው መስመር ዝርጋታ ግን የከተማው እንደሆነ አስረዳ። ከከተማው የመጣው ደግሞ በጀት ከክልል እንደሚጠበቅ ተናገረ። ከክልል የመጣው የጸጥታውን ሁኔታ አነሳ። ሦስቱም የአንድ ፓርቲ አባላት ናቸው፤ ሦስቱም እውነት ተናገሩ። ጋሼ ሦስቱን በተራ ሰምተው «እንግዲያው የእኔ ነው ማለት ነው» ብለው ጀሪካናቸውን አንስተው ወጡ። ሰው ሳቀ፤ ተወካዮቹም ሳቁ። ሦስት መንግሥት፣ አንድ ፓርቲ ሲሆን የሚሆነው ይኸ ነው፤ አንዱ ሌላውን በአደባባይ ሊያጋልጥ ምንም የሚያተርፈው ነገር የለም። የዴልሂው ሰው ቢሆን የቧንቧውን ባለዕዳ በቀጣዩ ምርጫ ያገኘው ነበር።

2013ን ላንሳ። ብልጽግና ውጤቱ ከታወቀላቸው 436 የምርጫ ክልሎች 410ሩን አሸነፈ። ከተቃዋሚዎቹ አብን አምስት፣ ኢዜማ አራት አገኙ። አብን ገና በሰኔ 2010 ባሕር ዳር የተመሠረተ ፓርቲ ነው፤ በአንድ ሰሞን የወጣቱን ልብ እንዴት እንደያዘ ጎንደር የነበረ ያውቃል። ከምርጫው በኋላ መንግሥት ሲመሠረት የአብን ሊቀመንበር በለጠ ሞላ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር ሆኑ፤ የኢዜማው ብርሃኑ ነጋ የትምህርት ሚኒስትር። አብሮ መሥራት መልካም ነው ያሉ ብዙ ነበሩ፤ እኔም ነገሩን በክፉ አላየሁትም። ነገር ግን አንድ ሰው «መንግሥትን አልፈልግም» ብሎ ለተቃዋሚ ድምፅ ሰጥቶ፣ ነገ ተቃዋሚው ካቢኔ ውስጥ ሆኖ ካገኘው፣ ቁጣውን በየትኛው በር ይወስደዋል? አብን ከዚያ በኋላ በእኛ ሰፈር ወሬ ውስጥ እንዴት እንደሳሳ አይቻለሁ። አንድ የቀድሞ ደጋፊ ነጭ ሻይ እየጠጣ «አስረከብናቸው፣ አስረከቡን» አለኝ። ከዚያ በኋላ የፓርቲውን ስም ሲያነሳ አልሰማሁም።

ቀሪውን ሁላችንም ኖረነዋል። ጦርነቱ በነበረበት ጊዜ ፌዴራሉም ክልሉም ከተማውም አንድ ሆነው ነበር፤ ስንቅ ያላዋጣ ቤት የለም። ጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ። መጋቢት 2015 መጨረሻ ላይ የክልል ልዩ ኃይሎች እንደገና ይደራጁ ተባለ፤ ጎንደርን ጨምሮ በብዙ ከተሞች ሰው ወጣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ በዚያው ሰሞን ተኩሱ ከተማችን ውስጥ ገባ። ከምርጫው ሁለት ዓመት ከአንድ ወር በኋላ ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን በመሐል የከተማ ምርጫ ወይም የክልል ምርጫ ይኖርና ገዥው ፓርቲ ተሸንፎ ይደነግጥ ነበር፤ መሪዎቹም «የት ጋ ነው ያጣናቸው?» ይሉ ነበር። እኛ ጋ ያን ድንጋጤ የሚያደርስ ቀን አልነበረም። ስለ ጠመንጃው እዚህ ብዙ አልጽፍም፤ ለማንም ወገን ጥብቅና አልቆምም። እኔ የማውቀው፣ ቅሬታ መሄጃ ሲያጣ ቤቱ ተቀምጦ እንደማይቀር ነው።

በዚያው ሰሞን የተወካዮች ምክር ቤት አባል የሆነው የአብኑ ክርስቲያን ታደለ እና የክልሉ ምክር ቤት አባል የሆነው ዮሐንስ ቧያለው ታሰሩ። አንዱ ከተቃዋሚ፣ አንዱ በገዥው ፓርቲ ውስጥ ያደገ። ያለመከሰስ መብታቸው የተነሳው ከታሰሩ ከወራት በኋላ ነው። ጥር 2016 ላይ አዋጁ እንዲራዘም ሲቀርብ ከተቃወሙት አንዱ ገዱ አንዳርጋቸው ነበሩ፤ በ2008 ጎንደር ስትወጣ ክልሉን ይመሩ የነበሩት ሰው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለህሊናው ተገዥ ነው ይላል፤ ፓርቲ የሚል የለበትም። የአቶ ገዱን ንግግር በስልኬ ያየሁት ሻይ ቤት ነው። አጠገቤ የነበረው ሰው «ወንበር ላይ እያሉ ቢሉት ኖሮ» አለ። ሌላው «ተወው፣ የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል» አለው። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነበርኩ። አዋጁ ተራዘመ።

አንቀጽ 12 ላይ ደግሞ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ሊያነሳ ይችላል ተብሎ ተጽፏል። ግልጽ ያለ አማርኛ ነው። እኔ በዕድሜዬ የጎንደር ሕዝብ አንድን ተወካይ በዚህ መንገድ ሲያነሳ አላየሁም፤ ፎርሙ ምን እንደሚመስል፣ ለየትኛው መስኮት እንደሚሰጥ የሚያውቅም አላጋጠመኝም።

«ታዲያ ምን ይሁን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔ ከትልቁ አልጀምርም። የቀበሌና የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ከተቋረጠበት ይቀጥል፤ ያውም ከፌዴራሉ በተለየ ቀን። የጠመንጃ ድምፅ ባለበት ምን ምርጫ አለ የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም፤ መንገድ በማይታለፍበት ወረዳ ሳጥን መውሰድ ሰውን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ግን ይህ ክርክር ከ2010 እስከ 2012 ለነበረው፣ ከዛሬው ይልቅ ሰላም ለነበረው ጊዜ መልስ የለውም፤ ያኔም አልተደረገም። ደግሞም ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ስላለ ወንበር ሰው ቢፈራ፣ ከበሩ ላይ ስላለው ቦኖ ውኃ ግን አፉ አይያዝም። የሚያውቀውን ሰው ነው የሚመርጠው፤ የሚያውቀውን ሰው ደግሞ ለማውረድ አያፍርም።

ይህን ሁሉ ለዚያ አምፖል ላይ ለቀለደው ጎረቤቴ አወራሁለት። ሰምቶ ሰምቶ «እንዲያ ከሆነማ እኔም ለቀበሌ እወዳደራለሁ። ትመርጠኛለህ?» አለኝ።

«አልመርጥህም» አልኩት።

«ምን በደልኩህ!»

«ባለፈው ሳምንት ቦኖው ላይ ሁለት ጀሪካን አስቀድመህ ቀዳህ።»

«አንዱ የእናቴ ነው እኮ» አለ፤ ከዚያ ትንሽ አሰበና «ሌላ ያየ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።